የጋሽ ዘነበ ሪዝ

ሰብለ ፎቶ ቤቴ የገባችው የብረት መዝጊያውን ገና አጋምሼ ሳልከፍት ነው። ጎንበስ ብላ በሥሩ ገባች። ጥቁር ለብሳ ነጠላዋን አዘቅዝቃለች፤ ሳትናገር ገባኝ።

«አባባ ትናንት አረፈ፣ ዳኜ» አለችኝ። «ድንኳኑ እየተተከለ ነው። ይቺን ትልቅ አድርግልኝ፤ ከሰዓት በፊት ትድረስልኝ በቃ።»

እግዚአብሔር ያጽናሽ ብዬ የሰጠችኝን ጉርድ ፎቶ ተቀበልኩ። ያነሳሁት እኔው ነኝ፤ ጀርባው ላይ የቤቴ ማኅተም አለ። ብዙ ሰው አንስቻለሁ፣ እንደዚህ ያለ መጥፎ ፎቶ ግን አንስቼ አላውቅም። ሰውየው ጥርሱን ሊነቀል ተራ የሚጠብቅ ይመስላል። ከአፍንጫው ሥር ያለው ቦታ ከሌላው ፊቱ ነጣ ብሎ፣ ቁም ሣጥን የተነሣለት ግድግዳ መስሏል።

«ሌላ የለም?» አልኳት።

«ይሄ ምን አለው? አባባን ነው የሚመስለው።»

እውነቷን ነው። ሰብለ ነፍስ ስታውቅ አባቷ ሪዝ አልነበራቸውም። እኔ ከመንገድ ማዶ ተቀምጬ ሳያቸው የኖርኩት ጋሽ ዘነበ ግን ሌላ ናቸው። እሳቸውን ያለ ሪዛቸው ለቀስተኛ ፊት ማቆም ሌላ ሰው እንደ መቅበር ሆነብኝ።

ጋራዣቸው ከካዛንቺስ ወደ ኡራኤል በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ከፎቶ ቤቴ ፊት ለፊት ነበር። የፎቶ ሥራ ግማሹ ደንበኛ መጠበቅ ነው፤ እኔም እየጠበቅኩ እሳቸውን አያለሁ። በዚያን ጊዜ ሪዛቸው ከሳቸው ቀድሞ ነበር በር ላይ የሚደርሰው። ጫፍና ጫፉ ወደ ላይ የተጠመዘዘ፣ ጠዋት ጠዋት በቫዝሊን የሚታሽ፣ ከአካላቸው ሁሉ ግሪስ ነክቶት የማያውቅ እሱ ብቻ ነበር። ለጌጥ ብቻም አልነበረም፤ ይሠሩበት ነበር። የሞተር ድምፅ ሲያዳምጡ የቀኙን ጫፍ ከጠመዘዙ ችግሩ የመብራት ነው፤ የግራውን ከጠመዘዙ የቤንዚን ነው። ሁለቱንም አንድ ላይ ከያዙ ባለመኪናው ታክሲ ቢፈልግ ይሻለዋል።

ሁለተኛው መሣሪያቸው ጥያቄ ነበር። ማንም ሰው መኪናውን እየነዳም ይሁን እያስገፋ ሲገባ፣ ኮፈኑ ሳይከፈት፣ ሰላምታውም በቅጡ ሳያልቅ «መጨረሻ ማን ነካት?» ይሉታል።

«ኧረ ማንም አልነካት፣ ጋሽ ዘነበ። ዝም ብላ ነው የቆመችው።»

«ዝም ብላ የምትቆም መኪና የለችም። መኪና አትዋሽም፤ የሚዋሸው ባለመኪናው ነው። መጨረሻ ማን ነካት?»

አንድ ጊዜ ከረባት ያሰሩ የመሥሪያ ቤት ኃላፊ ማንም አልነካትም ብለው ድርቅ አሉ። ጋሽ ዘነበ ዱካ አቀረቡላቸው፣ ራሳቸውም ፊት ለፊታቸው ተቀመጡና እንደ ንስሐ አባት ዝም ብለው ያዩአቸው ጀመር። ሰውየው ሻይ ጠጡ፣ ላብ አላባቸው፣ በመጨረሻ የሚስታቸው ወንድም እሑድ ዕለት ካንዴላዎቹን ፈትቶ እንደ ጠራረጋቸው ተናዘዙ። ጋሽ ዘነበ የተምታቱትን ገመዶች በየቦታቸው መለሱ፣ መኪናዋም ተነሣች። «አየህ፣ ዳኜ!» ብለው መንገዱን አሻግረው ጮኹብኝ፣ «መካኒክነት እኮ ግማሹ ሰው ማናዘዝ ነው!» ሰውየው ገና መኪናቸው ውስጥ ነበሩ።

ጥያቄው የማይሠራው በአንድ ሰው ላይ ብቻ ነበር። ያ ሰው ማን እንደሆነ ለማወቅ ግን ሁላችንም ጊዜ ፈጅቶብናል።

ጋሽ ነስሩ አብረዋቸው የሚሠሩት ባልደረባቸው ናቸው። የስልጤ ሰው፣ ቀጭን፣ ነገር የማይወዱ። ጋሽ ዘነበ አንድ ወሬ አውርተው እስኪጨርሱ ጋሽ ነስሩ አንድ ካምቢዮ አውርደው ይመልሱ ነበር። ሁለቱም ጋራዡ ውስጥ የቆዩት ከየትዳራቸው በፊት ጀምሮ ነው፤ የሰፈር ሰው ከሚስቶቻቸው ይልቅ እርስ በርሳቸው ይተዋወቃሉ ይል ነበር። በረመዳን ጋሽ ዘነበ ውሃ የሚጠጡት ከቆመ መኪና ጀርባ ተደብቀው ነው። ጋሽ ነስሩም በሑዳዴ ምሳቸውን ይዘው ወደ ጓሮ ይዞሩላቸዋል። ይህን ተነጋግረውበት አያውቁም።

ጣጣውን ያመጣችው አንዲት ፊያት ሚሌቼንቶ ናት። ያቺ የጣልያን ጊዜ ሽታ ያላት አሮጌ መኪና ዓመታት ጥግ ላይ ቆማ ዶሮ ይተኛባት ነበር። በኋላ ከከተማ ወጣ ብሎ፣ ገና ለተላላፊ ባልተከፈተ አዲስ አስፋልት ላይ፣ መኪና ወዳዶች እየተሰበሰቡ የቀጥታ ሩጫ መወዳደር ጀመሩ። ሁለት ሁለት ሆነው ይሰለፋሉ፣ ባንዲራ ይወርዳል፣ ቀድሞ ምልክቱ ጋ የደረሰ ያሸንፋል፤ በቃ ይኸው ነው። ለማየት የሄደ ሰው ካስነጠሰ አመለጠው። ጋሽ ዘነበ አንድ ቀን ሄደው አዩና ሲመለሱ ዶሮዎቹን አባረሩ።

ከኦሎምፒያ ሰፈር ስለሚመጣ የኦሎምፒያው ልጅ የምንለው አንድ ወጣት ነበር፤ ቤንዚኗን በኮምፒውተር የምትለካ አዲስ መኪና አለችው። ጋሽ ዘነበ የፈለጉት እሱን አንድ ጊዜ፣ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በካርቡራቶር መኪና ቀድሞ ማለፍ ነው። «ከዚያ በኋላ ቢፈልግ ጀት ያምጣ» ይሉ ነበር።

ሁለቱ ወራት ሠሩባት። ሞተሩ ኃይል ሲጨመርለት የድሮዋ የቤንዚን ፓምፕ አልበቃ አለች፣ ስለዚህ የኤሌትሪክ ፓምፕ ገባላት። አዲሱ ደግሞ በዛና ካርቡራቶሩን እያጥለቀለቀ ጥቁር ጭስ አስጋታት። ጋሽ ነስሩ ከፓምፑና ከካርቡራቶሩ መሃል አንዲት ግፊት መቆጣጠሪያ አስገቡ፤ በላይዋ ብሎን አላት፣ ብሎኗ ስትጠብቅ ግፊቱ ይጨምራል፣ ስትላላ ይቀንሳል። ከጎኗ ግፊቱን የምታሳይ ጌጅ አለች። እኔ ከዚህ ሁሉ ምንም ስላልገባኝ ጋሽ ዘነበ እንዲህ ሲሉ አስረዱኝ፦

«ካርቡራቶር እንደ ሕፃን ልጅ ነው። ሲርበው አፉን ይከፍታል፣ ሲጠግብ ይዘጋል። የድሮዋ ፓምፕ ይሄን ታውቃለች። ይሄ የኤሌትሪኩ ግን እንደ አክስት ነው፤ ጠገብኩ ቢለውም ያጎርሰዋል። ነስሩ ያስገባት ዕቃ ምን ሠራች? አክስትየዋን እጇን ያዘች!»

ከውድድሩ በፊት ባለው ቀን ሚሌቼንቶዋን ወደ እኔ በር አመጧት። ቀይ ቀለም ተቀብታ ታንጸባርቃለች። እዚያ የነበረው ሰው ሁሉ ፎቶ ተነሳ፤ በመጨረሻ ሁለቱን ብቻ ከመኪናዋ ፊት አቆምኳቸው። ጋሽ ነስሩ እጃቸውን በጋሽ ዘነበ ትከሻ ላይ ጣል አድርገዋል። ጋሽ ዘነበ ግን ፊታቸውን ካሜራው ላይ ማቆየት አልቻሉም፤ በየመሃሉ ወደ ኋላ እየሄዱ በመሐረባቸው የቤንዚን መሙያውን ዙሪያ ይወለውላሉ።

«አሁን ቤንዚን ሞልተን ስንመጣ እኮ በክዳኑ ፈሶ ይሄን የመሰለ ቀለም ሊያቃጥልብኝ ነበር» አሉኝ። «መላ አበጀሁለት።»

ምን መላ ብዬ አልጠየቅኩም። ማን ጠየቀ?

በማግስቱ ባንዲራው ሲወርድ ሚሌቼንቶዋ ተፈናጥራ ወጣች። የካዛንቺስ ሰው ጮኸ፣ አንዳንዱም አለቀሰ። እስከ መንገዱ አጋማሽ የኦሎምፒያውን ልጅ እየመራች ሄደች። ከዚያ ተንተባተበች፣ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ጸጥ አለች። ልጁ በመስኮቱ እጁን አውጥቶ በአክብሮት ሰላም ብሏቸው አለፈ። ጋሽ ዘነበን ከሽንፈቱ ይልቅ ያ ሰላምታ ነው ያንገበገባቸው።

ኮፈኑ ሲከፈት ጌጇ ልክ ቦታዋ ላይ ናት። ሞተሩም ወዲያው ተነሣ። ወደ ሰፈር አምጥተው ከኡራኤል እስከ ካዛንቺስ ቢያመላልሷት እንደ ሰዓት ትሠራለች። ነገሩ ያደባባይ ሐቅ ነበር፤ በካዛንቺስ ትራፊክ ቀስ እያለ የሚሄድ ሞተር ብዙ ቤንዚን አይጠጣም፤ ሊጠማ የሚችለው ሾፌሩ እንጂ መኪናው አይደለም። ጋሽ ዘነበ ግን የግራ ሪዛቸውን እየጠመዘዙ ያዙ። ፊልትሮውን ቀየሩ። ቱቦውን በሰፊ ቱቦ ለወጡ። ቤንዚኑ በሙቀት እየፈላ ይሆናል ብለው፣ ቆላ እንደሚወርዱ የጭነት ሾፌሮች ፓምፑ ላይ እርጥብ ጨርቅ ጠመጠሙ፤ መኪናዋ ራሷን የታመመች ሴትዮ መሰለች። የግፊት ብሎኗን አጠበቁ፣ ጥቁር ጭስ ሆነ። መልሰው ቢያላሏት መኪናዋ አልነሣ አለች። ወደ ነበረበት መለሱት።

«ዘነበ» አሉ ጋሽ ነስሩ በመጨረሻ፣ «ቆማማ ሁሉም ጤነኛ ነው። ጌጇን በረጅም ቱቦ አውጥተን መስታወቱ ፊት እንሰራት። ስትሮጥ እንያት።»

«ሾፌር መንገድ ነው የሚያየው ጌጅ?»

«አንዴ ብቻ ብታይ ምን አለበት?»

«እኔ በጆሮዬ አያለሁ» አሉና ነገሩ እዚያ ላይ አለቀ።

የሁለተኛው ውድድር ጠዋት ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት አንዱ ቀልደኛ «ጋሽ ዘነበ፣ ዛሬስ መሃል ላይ ሻይ ትጠጣለች?» አላቸው። ጋሽ ዘነበ ሪዛቸውን በሁለቱም በኩል ያዙ። «ስሙኝ!» አሉ። «ይቺ መኪና ዛሬ ብትቆም፣ ጥፋቱም የእኔ ሆኖ ቢገኝ፣ ይሄን ሪዝ ተላጭቼ ካዛንቺስን እዞራለሁ!» ሰው አጨበጨበ። ካፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

ቆመች። ያውም ያንኑ ቦታ ላይ።

ከመኪናዋ ሲወርዱ ሰው ሁሉ የሚያየው ፊታቸውን ሳይሆን ሪዛቸውን ነበር። እሳቸውም ያውቁታል። ዙሪያውን አዩና ያቺን የዘወትር ጥያቄ ጠየቁ፤ ራሳቸው ጠይቀው ራሳቸው መለሱ።

«መጨረሻ ማን ነካት? ነስሩ! ያቺን መቆጣጠሪያ ያስገባው ማን ነው? ነስሩ! ከእሷ በፊት ቆማ ታውቃለች?»

«ዘነበ፣ ሰው ፊት ነው ያለነው» አሉ ጋሽ ነስሩ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ሰው ይስማ! ባለፈው ሳምንት ከኦሎምፒያው ልጅ ጋር ቁርስ ስትበላ ታይተሃል። ስንት ሰጠህ?»

 ልጁ ራሱ ደንግጦ «ኧረ ጋሼ፣ የፍሬን ሸራ ሊያስገቡልኝ ነው እንጂ...» ማለት ጀመረና ተወው። ጋሽ ነስሩ እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፣ ጨርቁን አጥፈው ኮፈኑ ላይ አስቀመጡ፣ በአውራ ጎዳናው ላይ በእግራቸው ሄዱ። በማግስቱ ጠዋት ቱታቸውንና የመፍቻ ሣጥናቸውን ከጋራዡ ሲያወጡ አየኋቸው። ለገሃር አንድ የከባድ መኪና ጋራዥ ገቡ አሉ።

ሪዙ እንደ ነበረ ቀረ። ጋሽ ዘነበ ግን እንደ ነበሩ አልቀሩም። አዲስ ሰው ቀጠሩ፣ በሳምንቱ አባረሩ። ሌላ ቀጠሩ፣ እሱ ራሱ ሄደ። ጥያቄያቸውን መጠየቅ አላቆሙም፤ ግን ባለመኪናው ሲመልስ አይሰሙም ነበር። ረመዳን ገባ። አንድ ቀን ከበሬ ሆኜ ሳይ፣ ጋሽ ዘነበ ብርጭቆ ውሃ ይዘው ከቆመ መኪና ጀርባ ሄደው ተደብቀው ጠጡ። ጋራዡ ውስጥ ሌላ ሰው አልነበረም። 

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ እሑድ ደብረ ዘይት ሠርግ ላነሳ ስል ታክሲ አጣሁ። ጋሽ ዘነበ በሚሌቼንቶዋ አድርስሃለሁ አሉ። ከከተማ ወጥተን መንገዱ ገላጣ ሲሆን ነዳጁን ረገጡት። ትንሽ እንደ ሄድን መኪናዋ ተንተባተበች፣ ሁለት ጊዜ ሳለች፣ ቆመች። ያው ሳል ነው።

እሳቸው መሪውን አልለቀቁም። ጌጇን አላዩም፤ ኮፈኑንም አልከፈቱም። «ምናልባት ቤንዚን አልቆ ይሆናል» አሉ፣ እንዳላለቀ እያወቁ። ወርደው ወደ ኋላ ሄዱ። እኔም ወረድኩ። የመሙያውን ክዳን ሲያዞሩት ታንከሩ «ፍስስስስ» ብሎ ረጅም ትንፋሽ ወደ ውስጥ ሳበ። ቶሎ አላቆመም፤ የታፈነ ሰው አፉ ሲለቀቅለት እንደሚያደርገው ነው የተነፈሰው። ክዳኑ እጃቸው ላይ ተገልብጧል። ከሥሩ ታጥፎ ታጥፎ የተጠቀጠቀ ሰማያዊ ፌስታል ነበር።

ለቀለሙ ሲሉ ያበጁት መላ ይህ ነው። ክዳኑ ላይ አየር የምታስገባ ቀዳዳ አለች፤ ቤንዚኑ ሲወጣ በቦታው አየር በእሷ ይገባል። ፌስታሉ ደፍኗታል። ቀስ ብላ ስትሄድ ያሰነበታት በየስንጥቁ የምትገባው ጥቂት አየር ናት። ስትሮጥ ግን ታንከሩ ባዶውን ይስባል፣ ፓምፑ የሚገፋው ያጣል፣ ግፊቱ ይወድቃል። ሲቆሙ ደግሞ አየሩ ቀስ እያለ ይሞላና ጌጇ ቦታዋ ትመለሳለች። ይህን ያስረዱኝ እሳቸው ናቸው፣ ያለ አክስት፣ ያለ ሕፃን፣ ደረቅ ባለ ድምፅ።

ጌጇ መስታወቱ ፊት ብትታሰር ኖሮ በመጀመሪያው ሩጫ ስትወድቅ ያዩአት ነበር። 

ከእኔ በቀር ያየ ሰው አልነበረም። ፌስታሉን ወደ ገደል ቢወረውሩት ነገሩ እዚያው በቀረ። እኔም ብሆን የሰው ፊት ላይ ያለ ጠባሳ አጥፍቼ የምኖር ሰው ነኝ፣ አፌን እይዝላቸው ነበር። እሳቸው ግን ፌስታሉን አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱት።

በማግስቱ ፎቶ ቤቴ አንድ የማላውቀው ሰው ገባ። «ጉርድ ፎቶ» አለ። ድምፁን ስሰማ ነው የደነገጥኩት፤ ጋሽ ዘነበ ናቸው። ሪዙ ተላጭቷል፣ ከከንፈራቸው በላይ ሁለት ቦታ ተቆርጧል።

«ለምን ጉዳይ ነው ፎቶው?» አልኩ፣ ሌላ የምለው ጠፍቶኝ።

«ለመንጃ ፈቃድ።»

«አልታደሰም እንዴ ባለፈው?»

«አንሳኝ አልኩህ!»

አነሳኋቸው፤ ሰብለ ያመጣችልኝ ጉርድ ፎቶ ያ ነው። ከዚያ ና አሉኝና በሚሌቼንቶዋ ለገሃር ሄድን። በመጀመሪያ ግን የማሉትን አልረሱም፤ በካዛንቺስ ቀስ ብለው ዞሩ፣ መስኮቱን ከፍተው፣ ሰው ሁሉ እያያቸው። የሥጋ ቤቱ ሰውዬ ቢላውን ይዞ ወጥቶ ቆመ። የሚስቅ አልነበረም፤ ግማሹ ማን እንደሆኑ አላወቀም።

ጋሽ ነስሩ ከአንድ ጭነት መኪና ሥር ነበሩ። ወጡና ቆሙ። አዩአቸው። የለገሃሩ ጋራዥ ሠራተኞች ሥራቸውን አቁመው ከበቡ።

«መጨረሻ የነካኋት እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ዘነበ፣ ሁሉም እንዲሰማ ጮክ ብለው።

«ምን ነበር?»

ጋሽ ዘነበ ፌስታሉን አውጥተው ሰጧቸው። ጋሽ ነስሩ አገላብጠው አዩት፣ አሸተቱት።

«ክዳኑ ሥር?»

«ክዳኑ ሥር።»

«ለቀለሙ ብለህ።»

«ለቀለሙ ብዬ።»

ጋሽ ነስሩ የጓደኛቸውን ፊት ደጋግመው አዩ። ከሁለታችን ማን ቀድሞ እንደሚያለቅስ አላውቅም ነበር፣ ከእኔና ከጋሽ ዘነበ ማለቴ ነው።

«ብርድ ይሆንብሃል» አሉ ጋሽ ነስሩ። ቀጥለውም «ሰኞ እመጣለሁ። ሪዙን ግን እኔ በቃህ ሳልልህ እንዳታሳድገው።» ያኔ ነው የሳቁት፤ ሠራተኞቹም አብረው ሳቁ። ይቅርታ የሚባል ቃል በማንም አፍ አልተነሣም።

ሰኞ መጡ። መጀመሪያ የሠሩት ጌጇን መስታወቱ ፊት ማሰር ነበር፤ ጋሽ ዘነበ ራሳቸው ቱቦውን ያዙላቸው። ሦስተኛው ውድድር ላይ ሚሌቼንቶዋ ሳትስል፣ ሳትንተባተብ፣ ጌጇ ንቅንቅ ሳትል እስከ መጨረሻው ሮጠች። ተሸነፈች። የልጁ መኪና ለካ ከመጀመሪያውም የምትበልጣት ነበረች። «በጤንነቷ ነው የተሸነፈችው!» እያሉ ጋሽ ዘነበ ያገኙትን ሁሉ ሲያቅፉ፣ አሸናፊው ልጅ ግራ ገብቶት እሱም እንኳን ደስ አለዎት አላቸው።

ከዚያ በኋላ ዓመታት ሄዱ። ጋራዡ ሥራ አልቦዘነበትም፤ የደንበኞች ልጆች አድገው ራሳቸው ደንበኛ ሆኑ። እነሱ የሚያውቁት ሪዝ የሌላቸውን ጋሽ ዘነበ ነው። ሁልጊዜ ጠዋት ጠዋት ተላጭተው ይመጣሉ። ሞተር ሲያዳምጡ እጃቸው በልማድ ወደ አፍንጫቸው ሥር ይሄድና የሚጠመዝዘው አጥቶ ይመለሳል። ጥያቄያቸውም አንዲት ነገር ተጨመረባት። «መጨረሻ ማን ነካት? እኔን ጨምሮ» ይሉ ነበር።

ይህን ሁሉ ለሰብለ አልነገርኳትም፤ ሐዘንተኛ ናት፣ ድንኳን ይጠብቃታል። «ትንሽ ታገሺኝ» ብዬ ከጓዳ የድሮውን ፎቶ ፈልጌ አወጣሁላት። ቀይዋ ሚሌቼንቶ፣ ሪዙ፣ ትከሻቸው ላይ ጣል የተደረገች እጅ። አየችውና አፏን ያዘች።

«ይሄ አባባ ነው?»

በዚህ መሃል ጋሽ ነስሩ ገቡ። አርጅተዋል፣ ከዘራ ይዘዋል። ፎቶው ሊታተም ነው ተብሎ ሊያዩ ነው የመጡት። ሰብለ ሁለቱንም ፎቶ ፊታቸው ዘረጋችላቸው።

«አባባ ለምን ተላጨው፣ ጋሼ ነስሩ? እኔ እኮ ለምን ሪዝ አታሳድግም ስለው ነስሩን ጠይቂው ነበር የሚለኝ።»

ጋሽ ነስሩ ከደንበኛ ወንበር ላይ ተቀመጡ። በአጭሩ ነገሯት፤ እኔ ይህን ሁሉ ገጽ የፈጀሁበትን እሳቸው በሻይ መጠጫ ጊዜ ጨረሱት።

«እሺ፣ ከዚያ በኋላስ? ለምን አላሳደገውም?»

«በቃህ እስክለው እየጠበቀ ነዋ።»

«ታዲያ ለምን አላልከውም?»

ጋሽ ነስሩ ከዘራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። «አንድ ቀን ‹ነስሩ፣ አይበቃም ወይ?› ይለኛል ብዬ እኔም ጠበቅኩ። አንዴ ቢጠይቀኝ እሺ እል ነበር፤ ወዲያው ነበር የምለው። እሱ ግን አልጠይቅም አለ። እኔም አልልም አልኩ።» ሪዝ ያለበትን ፎቶ ወደ ሰብለ ገፋ አደረጉላት። «አባትሽ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ሩጫ አላሸነፈም፣ ልጄ። ይቺን ግን አሸነፈኝ።»

ሰብለ አለቀሰች። እኔ የኮምፒውተሩን ማውስ ይዤ ወደ ስክሪኑ ዞርኩ።

«ከሁለቱ የቱን ላሳድግ?» አልኩ።

«ሪዙን መልስለት» አሉ ጋሽ ነስሩ። «በቃው።»

እሳቸውን ከፎቶው ቆርጬ ጋሽ ዘነበን ብቻ አስቀረሁ። ትከሻቸው ላይ ያለችውን እጅ ላጠፋት እችል ነበር፣ ደቂቃ አይፈጅም። ጋሽ ነስሩ ከኋላዬ ቆመው ያያሉ። ተውኳት።

ከሰዓት በኋላ ድንኳኑ ውስጥ ፎቶው በአበባ መሃል ተሰቀለ። አንድ ሦስት ወጣቶች፣ የጋራዡ የቅርብ ጊዜ ደንበኞች፣ ነፍስ ይማር ብለው ገቡና ወደ ፎቶው ቀና ሲሉ ደንግጠው ቆሙ። እርስ በርስ ተያዩ። አንደኛው ጎንበስ ብሎ ከፎቶው ሥር የተቀመጡትን ሽማግሌ ቀስ ብሎ ጠየቀ።

«ይቅርታ አባቴ፣ ተሳስተን ነው መሰለኝ። የጋሽ ዘነበ ለቅሶ ይሄ ነው?»

«ይሄ ነው» አሉ ጋሽ ነስሩ፣ አጠገባቸው ቦታ እየለቀቁለት። «አልተሳሳትክም፤ ተቀመጥ።»